አፍንጫዬና የስኳሩ መደርደሪያ

ወንድሜ፣ ይህን ረጅሙን ወረቀት ለብቻህ ሆነህ አንብበው። ለእማዬ ጮክ ብለህ የምታነብላትን አጭሩን ወረቀት ለይቼ አጥፌ እዚሁ ፖስታ ውስጥ ከትቼዋለሁ። አደራ፣ እንዳይቀላቀልብህ።

ለምወድህ ታላቅ ወንድሜ፣ እንዴት ሰነበትክ? ከመጨረሻው ስልካችን ወዲህ ጤናህ እንዴት ነው? ያ የትከሻህ ሕመም ለቀቀህ ወይስ አሁንም ሸሚዝ ስትለብስ እጅጌውን የምትይዝልህ ሚስትህ ናት? እሷስ ደህና ናት? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? ወሬኛዋ ትልቋ ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች? የትንሹስ የወለቁት ጥርሶቹ በቀሉለት? እማዬስ እንዴት ከረመች? ወገቧስ? መድኃኒቷን በሰዓቱ ትውጣለች ወይስ እንደ ልማዷ ትራስ ሥር ትደብቀዋለች? በስልክ ስጠይቃት "እኔ ምን ሆኜ፣ ይልቅ አንቺስ" እያለች ታልፈኛለች። አንተም አጠገቧ ተቀምጠህ እውነቱን አትነግረኝም። ስለዚህ እባክህ ቁርጡን ጻፍልኝ።

እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር እስክሪብቶዬን ሦስት ጊዜ አንስቼ ሦስት ጊዜ አስቀመጥኩት። በእርግጥ እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ ወጥቼ እገባለሁ። ግን ፈርቻለሁ፣ ወንድሜ። "ፈሪ ለእናቱ" እያልክ ስትቀልድብኝ ከዚህ ሆኜ ይሰማኛል። ቀልድ፣ ግድ የለም። የአሁኑ ፍርሃቴ ግን አንተ ከጀርባ እየጮህክ የምታስደነግጠኝ ዓይነት አይደለም። በስልክ ያልነገርኩህ ደግሞ ለምን እንደሆነ ታውቃለህ፤ ስልኩ ገና ሲጠራ እማዬ "ድምፁን ከፍ አድርጉት" ስለምትል የምናገረውን ቤተሰቡ በሙሉ ይሰማዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሚመጣው ሳምንት ሐሙስ ጠዋት ሆስፒታል እገባለሁ። አፍንጫዬን ቀዶ ሕክምና አድርገው ሊያቃኑልኝ ነው። አዎ፣ ያንን አፍንጫ።

እንዴት እዚህ እንደደረስኩ ከሥሩ ልንገርህ። እንደምታውቀው በልብስ ስፌት ቤቱ ውስጥ የእኔ ሥራ የተሰፋውን ልብስ ደንበኛዋ ላይ አድርጎ ማስተካከል ነው። ደንበኛዋ ከሦስት ወገን በሚያሳየው ትልቅ መስታወት ፊት ትቆማለች። እኔ ከእግሯ ሥር ተንበርክኬ የቀሚሱን ጠርዝ እያጠፍኩ በስፒል እይዛለሁ። ሁለቱም እጆቼ ሥራ ላይ ስለሚሆኑ ስፒሎቹን የምይዛቸው በከንፈሬ ነው። እኛ ቤት ሁሉም የሚሠራው እንደዚያ ነው። አፉን በስፒል የሞላ ሰው ደግሞ መተንፈሻው አፍንጫው ብቻ ነው። የእኔን ታውቀዋለህ፤ በግራ በኩል ድፍን ነው፣ በቀኝ በኩል እንደ ፈቀደው።

ባለፈው ወር ጉንፋን ይዞኝ ነበር። የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ላስተካክል ተንበርክኬ፣ ስድስት ስፒል በከንፈሬ ይዤ እያለ በደህናው በኩልም ዝግት አለብኝ። አየር አጣሁ። ሳላስበው አፌን ከፍቼ ሳብ ሳደርግ አንዱ ስፒል ወደ ውስጥ ገባ። ምላሴ ሥር ተሰክቶ ቀረ እንጂ ትንሽ ወረድ ቢል ኖሮ ይኸኔ ደብዳቤ የሚጽፍልህ ሌላ ሰው ነበር። አጠገቤ የምትሠራዋ፣ ቆራጯ የምንላት ባልደረባዬ፣ በሁለት ጣቷ ነቅላ አወጣችልኝ። ሙሽራዋ ደግሞ ደሙን ስታይ "ቀሚሴን፣ ቀሚሴን" እያለች ጮኸች። ቀሚሷን ጠብታ አልነካውም። አሠሪዬ በማግስቱ ጠርታኝ "ወይ አፍንጫሽን ታከሚ፣ ወይ ስፒል በአፍሽ መያዝ ተዪ" አለችኝና በእጅ አንጓ ላይ የሚታሰር የስፒል መሰኪያ ሰጠችኝ። ሞከርኩት። ሌሎቹ ሦስት ቀሚስ ሲጨርሱ እኔ አንዱን እንኳ በቅጡ አልጨርስም። እጄ አንድ ጊዜ የለመደውን በዚህ ዕድሜው ምን ብዬ ላስጥለው።

ሰበቡ ይህ ነው። ግን ከአንተ ምን እደብቃለሁ፣ መልኬም አለበት። ሌላ ሰው የጎን ፊቱን የሚያየው አልፎ አልፎ ነው፤ እኔ በዚያ መስታወት ምክንያት ቀኑን ሙሉ አየዋለሁ። ቀና ባልኩ ቁጥር ከቀኝ ሳየው የእማዬ አፍንጫ ነው፣ ከግራ ሳየው የማን እንደሆነ አላውቀውም። የሰፈር ልጆች "ኩርባ" ብለው ያወጡልኝን ስም ታስታውሳለህ? ባለፍኩ ቁጥር እንደ መኪና ጥሩምባ እየነፉ "ኩርባው ላይ ቀስ በሉ" ይሉኝ ነበር። አንተ አንድ ቀን ሦስቱን ደብድበህ፣ ሸሚዝህን አስቀድደህ መጣህ። ለምን ያን ያህል እንደተናደድክ ከእኔ በቀር የገባው አልነበረም። በሠርጌ ፎቶዎች ሁሉ ላይም ፊቴን ወደ አንድ ወገን አዙሬያለሁ። ባለቤቴ እስከ ዛሬ "በሠርጋችን ቀን ማንን ነበር የምትፈልጊው?" እያለ ይቀልድብኛል።

እንግዲህ ሆስፒታል ሄድኩ፤ ባለቤቴም ሥራውን ትቶ አብሮኝ መጣ። ሐኪሟ ጠና ያለች፣ ድምፀ ለስላሳ ሴት ናት። መጀመሪያ ቅጽ ሰጡኝ። "አፍንጫዎ መቼና እንዴት ተጎዳ?" ይላል። እጄ እኔን ሳያማክር ጻፈ፦ በሰባት ዓመቴ፣ ስኳር ላወርድ መደርደሪያ ላይ ተንጠላጥዬ ወደቅኩ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ለአስተማሪም፣ ለጓደኛም፣ ለባለቤቴም የነገርኩት ይህንኑ ነው። ከመደጋገሙ ብዛት የመደርደሪያውን ጠርዝ በጣቶቼ የጨበጥኩት ሁሉ ይመስለኛል።

ሐኪሟ ራጁን መብራቱ ላይ ሰክታ ብዙ አየችው። ከዚያ ወደ እኔ፣ ከዚያ ቅጹን፣ እንደገና ራጁን። ባለቤቴን "እባክህ ኮሪደሩ ላይ ትጠብቀናለህ?" ብላ አስወጣችው። በሩን ዘግታ ወንበሯን አስጠጋችና "ይህ ከመደርደሪያ የወደቀ ሰው ስብራት አይደለም። ቀጥ ያለ ነገር ከጎን መትቶሻል። ከአምስት ዓመት በፊት ይሁን ከሃያ ዓመት በፊት አጥንቱ አይነግረኝም። ቤት ውስጥ የሚመታሽ ሰው አለ?" አለችኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ዓይኗ ወደ በሩ ሲሄድ ነው የገባኝ። ባለቤቴን ጠርጥራው ነው። አናጢ አይደል፣ እጁ ግዙፍ ነው፣ ጠባሳ የሌለበት ጣት የለውም፤ ያን ቀን ደግሞ አውራ ጣቱን በመዶሻ መትቶ በፋሻ ጠቅልሎት ነበር። ቤት የገባ ንብ በብርጭቆ ይዞ በመስኮት የሚያስወጣ ሰው ነው እኮ። ሳቄ አመለጠኝ። እሷ ግን አልሳቀችም። "ስጠይቃቸው የሚስቁ ብዙ አሉ" አለችኝ። ቀጥላም "እኔ ያቃናሁት አፍንጫ ተመልሶ እንዲሰበር አልፈልግም፤ እውነቱን ካልነገርሽኝ አልነካሽም" አለች።

ወንድሜ፣ አስበው፤ ዝም ብል ያ ምስኪን በሚስት ደብዳቢነት ሊጠረጠር ነው። ብናገር ደግሞ መሐላችን አለ።

ያን ቀን አንድም ጊዜ አንስተነው ስለማናውቅ እዚህ ወረቀት ላይ ላስቀምጠው። እማዬ ሥራ ሄዳ ነበር። አንተ አሥራ አንድ ዓመትህ ነው። ኳሴን ነጥቀህ ወደ ውስጠኛው ክፍል ሮጥክ፣ እኔ ተከተልኩህ፣ አንተ በሩን በኃይል ወረወርከው፣ እኔ ፊቴን አስግቼ ነበር። የበሩ ጠርዝ ያሰማው ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ከዚያ ደም ብቻ። ከእኔ ይልቅ ያለቀስከው አንተ ነህ። ከሳምንት በፊት የመስኮት መስታወት ሰብረህ፣ እንጀራ አባታችን "አንዲት ጥፋት ብትደግም ከዚህ ቤት ትወጣለህ" ብሎህ ነበር፤ እሱ ደግሞ ያለውን ሳያደርግ የሚቀር ሰው አልነበረም። ስለዚህ ወንበሩን ከመደርደሪያው ሥር አስጠጋን። የስኳሩን ጣሳ አውርደን ወለሉ ላይ ደፋነው። እኔም ስኳሩ ላይ ሄጄ ተኛሁ። ከመተኛቴ በፊት ግን እጅ ለእጅ ተያይዘን "እማዬ ትሙት፣ ለማንም አልናገርም" ብለን ማልን። ሌላ መሐላ አናውቅም ነበር፤ ከእሱ የከበደም አልነበረንም።

እማዬ መጥታ ስኳሩን አየች፣ እኔን አየች። ያኔ ያለችውን አንተም አልረሳኸውም። "እኔ ነኝ፤ እዚያ ላይ የሰቀልኩት እኔ ነኝ" አለች። እንጀራ አባታችን "የወደቀ ልጅ ይነሳል" ብሎ ሐኪም ቤት ሳልሄድ ቀረሁ። እብጠቱ ሲጎድል አፍንጫዬ እንደተጣመመ ቀረ።

ከዚያ ቀን ወዲህ እማዬ ከወገቧ በላይ ዕቃ አስቀምጣ አታውቅም። ስኳሩ፣ ጨው፣ ዘይቱ፣ ድስቱ፣ ሁሉም ወለል ላይ ነው። አንተ ጋ ስትመጣም ይህንኑ ይዛ መጣች። ሚስትህ መጀመሪያ "ይህ ሰውዬ ቤት ሲሠራ መደርደሪያ ረስቶ ነው እንዴ?" ብላ የሳቀችው ትዝ ይልሃል? እኔና አንተ አብረን ሳቅን። የወገቧ ሕመም ከየት መጣ እያልን ሐኪም ለሐኪም ስናዞራት የኖርነውም እኔና አንተ ነን። ለአንድ ስኒ ሻይ ስንት ጊዜ እንደምታጎነብስ ቆጥረህ ታውቃለህ? አፍንጫ ሲመቱት ዓይን ያለቅሳል ይባላል። የተመታው የእኔ አፍንጫ ነው፣ ሲያለቅስ የኖረው የእሷ ዓይን ነው።

ለሐኪሟ ሁሉንም ተናገርኩ። ግማሹንም ያመነችኝ አልመሰለኝም፤ ባለቤቴን አስገብታ በእሱ ፊት እንደገና አስደገመችኝ። እሱ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሲሰማ ፊቱ ሲለዋወጥ አየችና ያን ጊዜ አመነች። በመንገድ ላይ "እሷ ብትጠረጥረኝ አልቀየማትም፣ ሥራዋ ነው። አንቺ ግን ሰባት ዓመት በአንድ ትራስ ተኝተን መደርደሪያ ስትነግሪኝ" አለኝ። በሦስተኛው ቀን ከሥራ ስገባ የቤታችንን በሮች ሁሉ ጠርዛቸውን እየላገ ቀጭን ጎማ ሲለጥፍባቸው አገኘሁት። ምን እየሠራህ ነው ብዬ ስጠይቀው "ካገባሁሽ ጀምሮ መደርደሪያ ባየሁ ቁጥር ተጨማሪ ምስማር ስመታ ኖርኩ። ጠላታችን በር መሆኑን ማን ነገረኝ?" አለኝ። እውነቱን ነው፤ የእኛ ቤት መደርደሪያ በሬ ቢወጣበት አይወድቅም። እኔም እየሳቅሁ አለቀስኩ።

እሱ እንግዲህ አለፈ። ያላለፈው ፍርሃቴ ነው።

በእማዬ ስም ምዬ አፈረስኩ። የልጅ መሐላ ነው፣ መሐላ ሰው አይገድልም እያልኩ ራሴን እመክራለሁ። ቀን በሥራ መሃል እንኳ ስልኬ ሲጠራ ግን እጄ ይደርቃል። ባለፈው ሰኞ ያለወትሮህ በጠዋት ደውለህ የትልቋን የቀሚስ ልክ ስትነግረኝ "ለምን ድምፅሽ ጠፋ?" ያልከኝ ለዚህ ነው። ስልኩን ከማንሳቴ በፊት እማዬን ቀብሬ፣ አልቅሼ ጨርሼ ነበር።

ሌላው ደግሞ ማደንዘዣው ነው። ነርሷ በደንብ አስረድታኛለች። አፌና አፍንጫዬ ላይ ጭምብል ያደርጉልኛል፣ ከአሥር ወደ ታች እንድቆጥር ይነግሩኛል፣ ሰባት ላይ ስደርስ እንቅልፍ ይወስደኛል። እኔ ከሰባት በኋላ ያለውን ነው የምፈራው። ያስፈረሙኝ ወረቀት ላይ፣ እጅግ ጥቂት ሰው ቢሆንም የማይነቃ እንዳለ ተጽፏል። ስፈርም የገዛ ስሜን ተሳሳትኩ፤ ሌላ ቅጽ ተሰጠኝ። ሐኪሟ ወደፊት የሚኖረኝን መልክ በኮምፒውተር ሠርታ አሳይታኝ ነበር። ቆንጆ ናት፣ አላውቃትም። "ትንሽ ጠመም ብሎ ቢቀርስ?" ብዬ ስጠይቃት "እንደዚህ ያለኝ ሰው የመጀመሪያዬ ነሽ" ብላ ሳቀች። እኔ ግን አልቀለድኩም ነበር። ነቅቼ መስታወት ሳይ እዚያ ያለችው የእማዬ ልጅ ባትሆንስ?

ከሁሉም በላይ የምፈራውን ልንገርህና ይውጣልኝ። ባልነቃ እኔስ አላውቀውም፤ የተኛ ሰው ምን ያውቃል። እማዬ ግን ምን እንደምትል አውቃለሁ። ስኳሩን እዚያ ባልሰቅል አትወድቅም ነበር፣ ባትወድቅ አፍንጫዋ አይጣመምም፣ ባይጣመም ቢላ ሥር አትገባም፣ ስለዚህ ልጄን የገደልኳት እኔ ነኝ ትላለች። ይህን ብላ ደግሞ አትኖርም። ያን ጊዜ መሐላችን በእርግጥ ደረሰ ማለት ነው፣ የደረሰውም ስለተናገርን ሳይሆን ዝም ስላልን።

ይህን ደብዳቤ ስጀምር ፈቃድህን ልጠይቅህ ነበር። ከዳንኩ በኋላ፣ ስንገናኝ፣ ሁለታችን ሆነን ቀስ ብለን እንድንነግራት። ለእሷ ለብቻ የጻፍኩት አጭሩ ወረቀት "ትንሽ የጉንፋን ምርመራ አለብኝ፣ አትስጊ" የሚል ነበር። አሁን ላሽገው ብዬ ሳነበው ያው የለመድኩት እጅ ነው የጻፈው፤ ያ ቅጹ ላይ መደርደሪያ የጻፈው። ሐሰትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። ለእኔና ለአንተ ቀሎን ይሆናል፤ የእማዬ ወገብ ላይ ግን እያደር ነው የከበደው።

ስለዚህ አጭሩን ወረቀት ቀድጄ ጥዬዋለሁ። ከላይ "ለብቻህ ሆነህ አንብበው" ያልኩህንም በአንድ መስመር ሰርዤዋለሁ፣ ከመስመሩ ሥር ግን ይነበባል። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ የቆራጯ ወንድም ነው፤ ነገ ተነስቶ ቅዳሜ እናንተ ጋ ይገባል። እሑድ ምሳ ከበላችሁ በኋላ፣ መድኃኒቷን መዋጧን አይተህ፣ እማዬን ከጎንህ አስቀምጣትና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጮክ ብለህ አንብብላት። አንዲት ቃል አትዝለል፣ ማልቀስ ብትፈልግም እያለቀስክ አንብብ። አሁን ከቤት የሚያስወጣህ የለም፤ እንጀራ አባታችንም አፈር ሆኗል፣ ቤቱም የአንተ ነው። እማዬ ተቆጥታ ካስወጣችህ ደግሞ እኛ ጋ ና፤ በሮቻችን ጎማ አላቸው።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ደውሉልኝ። ድምፁን ከፍ አድርጉት። ሐሙስ ጠዋት ከአሥር ወደ ታች መቁጠር ስጀምር እማዬ አውቃለች ብዬ ልቁጠር።

ሚስትህን አጥብቀህ ሳምልኝ፤ ስለ መደርደሪያው ጥያቄዋ መልስ ለማግኘት አሥራ አራት ዓመት ስላስጠበቅናት ይቅርታ በልልኝ። ለትልቋ ቀሚሷ ተቆርጦ አልቋል፣ እጅጌው ብቻ ቀርቷል፣ ከሆስፒታል ስወጣ እጨርሰዋለሁ በላት። ትንሹን ጉንጩን ሳምልኝና በር ሲዘጋ ቀስ እንዲል ንገረው። ባለቤቴ ሁላችሁንም ሰላም ብሏል፤ ለአንተ ለብቻህ ደግሞ "አልተቀየምኩም፣ ግን ኳሱን መልስላት" ብሏል። እኔም እንደ እሱ ነኝ፣ ወንድሜ። አንድም ቀን ተቀይሜህ አላውቅም።

እማዬ፣ ይህን እየሰማሽ ነው አይደል? በስምሽ መማላችንን ይቅር በይን። ስኳሩ ያስቀመጥሽው ቦታ ላይ ምንም ጥፋት አልነበረበትም። አሁን ተነሺና ወደ ላይ መልሺው፣ እማዬ፣ ወገብሽ ይረፍ።

ታናሽ እህትህ

ከስፌት ቤቱ፣ ከመስታወቱ ፊት
ማክሰኞ፣ ለቀጠሮዬ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው